ጠላቂውን ማን ጠየቀው?

ባለፈው ክረምት እኛ ሰፈር ውሃ ልጅ ወሰደ።

ሰፈራችን ነፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ነው። ከአስፋልቱ ወደ ታች ወረድ ሲሉ፣ ለሕንፃ መሠረት ድንጋይ ሲወጣበት ኖሮ የተተወ ጉድጓድ አለ። በበጋ ፍየል ይውልበታል። ሐምሌ ሲገባ ይሞላና ኩሬ ይሆናል። ልጆች ይዋኙበታል ልል ነበር፤ አይዋኙበትም፣ ዋና የሚችል የለማ! ገብተው ይንቦጫረቁበታል። አንድ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ገባና ሳይወጣ ቀረ።

የከተማው የእሳትና አደጋ ሠራተኞች ተጠርተው መጡ። ሁለት ጠላቂ ዋናተኞች ጥቁር የላስቲክ ልብሳቸውን ለብሰው፣ የአየር ሲሊንደር አዝለው፣ በገመድ ታስረው ገቡ። ሰፈርተኛው ዳር ቆሞ ያያል። እናትየዋን ሴቶች ይዘዋታል። እኛ አዲስ አበቤዎች «ጠላቂ ዋናተኛ» የሚባለውን ሙያ የምናውቀው እንዲህ ባለው ቀን ብቻ ነው። በክረምት፣ በሬዲዮ፣ «አስከሬን» ከሚለው ቃል ጎን።

አጠገቤ የቆሙት አዛውንት ጎረቤቴ ነበሩ። ሰፈሩ «ባሕረኛው» ይላቸዋል፤ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ሁሉም ውሃውን ሲያይ እሳቸው የሚያዩት ዳር ላይ ገመዱን ይዞ የቆመውን ወጣት ነው።

«ዓይኑን አይነቅልም፤ ጎበዝ ልጅ ነው» አሉኝ ቀስ ብለው። «እታች ያለው ምንም አያይም። በዚህ ጭቃ ውስጥ በእጅ ነው የሚታየው። ነፍሱ ያለችው እዚያ ገመድ ላይ ነው።»

«እርስዎ እንዴት አወቁ?» አልኳቸው።

ዘወር ብለው አዩኝ። «መምህር፣ በአንድ ዕድር ስንኖር ስንት ዓመታችን ነው?»

«አሥራ አምስት።»

«በአሥራ አምስት ዓመት ዛሬ ገና ጠየቅኸኝ።»

በለቅሶው ድንኳን ሦስት ቀን ጎን ለጎን ተቀመጥን። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ምጽዋ ወርደው ባሕር ኃይል እንደገቡ፣ ሥራቸውም ጠላቂነት እንደነበረ ያን ጊዜ ሰማሁ። የመርከብ ሆድ መፈተሽ፣ ፕሮፔለር ላይ የተጠመጠመ ገመድ መቁረጥ፣ የጠፋ መልሕቅ መፈለግ። ባሕር ኃይል እንደነበሩ አውቃለሁ። ባሕር ኃይል ውስጥ ከባሕሩ ሥር የሚውል ሰው አለ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

አንድ ቀን፣ በዳህላክ ሁለት ደሴቶች መሐል፣ የጠፋ መልሕቅ ሊፈልጉ ወረዱ። «ሃያ ሜትር ቢሆን ነው» አሉኝ። «ከላይ ባሕሩ ዝም ብሏል፤ እንደ ሻይ ቤት ጠረጴዛ ለጥ ብሏል። ታች ግን ወንዝ አለ። ወንዝ ስልህ ደግሞ ዳር የሌለው ወንዝ። ሳላስበው ይዞኝ ሄደ። ከአውቶቡስ መስኮት ዛፍ እንደሚያልፍ ኮራሉ በአጠገቤ ያልፋል።»

የመጀመሪያው ስሕተታቸው መታገል ነበር። ወደ መጡበት ለመመለስ እግራቸውን ሲመቱ ትንፋሻቸው በረታ። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ይወቅ። በየአሥር ሜትሩ የውሃው ጫና አንድ የከባቢ አየር ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ሃያ ሜትር ላይ እያንዳንዱ ትንፋሽ ከሲሊንደሩ የሚወስደው አየር ከላይ ከሚወስደው ሦስት እጥፍ ነው። ባሕር ሥር የሚታገል ሰው ኪሱን እየበተነ እንደሚሮጥ ሰው ነው። ደንግጦ ሽቅብ መሮጥም አይቻልም። በጫና ደሙ ውስጥ የገባው ናይትሮጅን ቀስ ብሎ ካልወጣ ልክ እንደተከፈተ ለስላሳ አረፋ ይሠራል። ትንፋሹን ይዞ የወጣ ደግሞ ሳንባው ይቀደዳል።

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«የጎጆ ቤት የሚያህል ኮራል አገኘሁ። ከጀርባው ገባሁ። ምን የመሰለ ዝምታ! ለካ ዓሣው ሁሉ እዚያ ነው የተጠለለው። ቅዳሴ ላይ እንደቆመ ምእመን ሁሉም ፊቱን ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ወራጁ አዙሯል። እኔም ከእነሱ ጋር ቆሜ ትንፋሼን ሰበሰብኩ። ከዚያ ለቀቅኩት። ‹ውሰደኝ› አልኩት። እየሄድኩ፣ ቀስ እያልኩ ወጣሁ። ጀልባዋ ከሩቅ የጥፍር ያህል ትታያለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ አገኙኝ።»

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና እንዲህ አሉ። «ወራጅ አይሸነፍም፣ መምህር። ወይ ትጠለላለህ፣ ወይ አብረኸው ትሄዳለህ፣ ወይ ወደ ጎን ትወጣለህ። ፊት ለፊት የገጠመው ነው የሚሞተው። እናንተ ደግሞ ‹ባሕር ነበረን› ትላላችሁ። የነበራችሁ ወደብ ነው። ባሕሩንማ ማን አየው?»

ይህ ንግግር ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩ ሰው ነኝና መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ቃላቱ ነው። «የባሕር በር» እንላለን። በር! በር የሚያልፉበት እንጂ የሚያዩት ነገር አይደለም። የድሮውን የባሕር አውራጃ ገዥ «ባሕረ ነጋሽ» ብለን ሰየምን፤ ባሕረ ነጋሹ የሚቀመጠው ግን ደጋ ላይ፣ ድባርዋ ነበር። ጥንት በግዕዝ ሉልን፣ ያንን ከባሕር ሥር የሚወጣውን ነጭ ዕንቁ፣ «ባሕርይ» አሉት፤ የባሕር ልጅ እንደማለት። «ክብረ ነገሥት» ውስጥ ከአዳም ጀምሮ ከአካል ወደ አካል እየተላለፈች ድንግል ማርያም ዘንድ የምትደርሰው ዕንቁ ስሟ ባሕርይ ነው። የ16ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ ጸሐፊ የአባ ባሕርይም ስም ይኸው ነው። ይኸው ቃል ተፈጥሮ፣ ጠባይ ማለትም ሆነ። በጎንደር ዘመን የተጀመረው፣ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የተቋጨው የሃይማኖት ክርክር ስለ «ባሕርይ» ነበር። ሊቃውንቱ ቃሉን እስከ መጨረሻው ጥልቀት ወርደውበታል። ዕንቁውን ለማምጣት በእውነተኛው ባሕር የወረደው ሰውስ? እሱን የጠየቀው የለም።

እስቲ ታሪኩን ከላይ ወደ ታች እንውረድበት።

በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን አንድ በግሪክኛ የሚጽፍ ነጋዴ ስለ ቀይ ባሕር መንገድ መጽሐፍ ትቶልናል። አዱሊስን ሲገልጽ፣ ከወደቡ ፊት ለፊት ስላሉት አሸዋማ ደሴቶች፣ ማለትም ስለ ዛሬዎቹ የዳህላክ ደሴቶች ያነሣል። የኤሊ ልብስ ለገበያ የሚመጣው ከዚያ ነው ይላል፤ የሚያመጡትን ሰዎች «ዓሣ በሎች» ብሎ ያልፋቸዋል። ስም የላቸውም። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን፣ ዐፄ ካሌብ ወደ ሒምያር በዘመቱበት ዘመን፣ ፕሮኮፒየስ የተባለው የባይዛንታይን ታሪክ ጸሐፊ የቀይ ባሕር ጀልባዎች በምስማር ሳይሆን በገመድ የተሰፉ መሆናቸውን፣ በሌሊት መቅዘፍም እንደማይቻል ጽፏል። ምክንያቱ ባሕሩ በየቦታው ከውሃ በታች በተደበቁ አለቶች የተሞላ በመሆኑ ነው። ኮራልን በጽሑፍ የምናገኘው እንዲህ ነው፤ እንደ እንቅፋት፣ መርከብ እንደሚሰብር ድንጋይ።

እ.ኤ.አ. በ1541 የሆነው ግን ይለያል። ያን ዓመት የማያውቅ የታሪክ ተማሪ የለም። ከግራኝ አሕመድ ጋር በሚደረገው ጦርነት ሊያግዙ ክሪስቶፎር ደ ጋማና 400 ፖርቱጋላውያን ምጽዋ የወረዱበት ነው። እነሱን ያመጣው የመርከብ ጓድ ግን ወታደሮቹን ከማውረዱ በፊት ከምጽዋ ተነሥቶ እስከ ሱዌዝ ደርሶ ተመልሷል። ከመርከቦቹ በአንዱ ዦዋኦ ደ ካስትሮ የተባለ፣ በኋላ የፖርቱጋል ሕንድ እንደራሴ የሆነ ሰው ነበረ። ካስትሮ አንድ ጥያቄ ያሳስበዋል፤ ቀይ ባሕር ለምን «ቀይ» ተባለ? ውሃው አንዳንድ ቦታ ቀልቶ ሲያይ በባልዲ አስቀዳ፤ ንጹሕ ነው። ስለዚህ መርከበኞቹን ውረዱ አላቸው። ጠለቁ። ቀይ ከሚመስልበት ቦታ እንደ ቅርንጫፍ የበቀለ ቀይ ኮራል አመጡለት። አረንጓዴ ከሚመስልበት አረንጓዴ ነገር የለበሰ ነጭ ኮራል አመጡ። ነጭ በሚመስልበት ታቹ ነጭ አሸዋ ሆኖ ተገኘ። መልሱ ውሃው ውስጥ ሳይሆን ወለሉ ላይ ነበር።

እኛ ከዚያ ዘመን የያዝነው የጠመንጃውን ታሪክ ነው። ልክም ነን፤ አገር ልትጠፋ ነበር። ነገር ግን በዚያው ጉዞ አንድ ሰው የባሕሩን ወለል ጠይቆ ነበር። ካስትሮም ቢሆን የራሱን ስም ጻፈ እንጂ የወረዱትን ሰዎች ስም አልጻፈም።

የሚከብደው ምዕራፍ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው።

ሉል ሲወራ ጌጥ ነው የሚታየን። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንስቶ የአውሮፓና የአሜሪካ ሀብታሞች ሉል እንደ እብድ ይገዙ ነበር። በዳህላክ ደሴቶች፣ በምጽዋ፣ ከባብ ኤል መንደብ ወዲያም በፋርስ ባሕረ ሰላጤ ጀልባዎች በየወቅቱ ይወጣሉ። ጠላቂው ሲሊንደር የለው፣ መነጽር የለው። በባሕረ ሰላጤው አፍንጫውን በቀንድ ቆንጥጦ፣ እግሩን ከድንጋይ ጋር በገመድ አስሮ ይወርዳል። በአንድ ትንፋሽ የቻለውን ዛጎል ሰብስቦ ገመዱን ይነቀንቃል፤ ከላይ ያለው ይጎትተዋል። በቀይ ባሕር ደግሞ ታቹ መስተዋት የሆነ ቆርቆሮ ውሃው ላይ አድርገው ከሁሪ ጀልባ ሆነው ወለሉን ይቃኛሉ። ወራጅ ባለበት ቦታ ይህ ሥራ ምን እንደሚመስል ጋሼ ነገሩኝ። «ድንጋዩ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ አንተን ግን ወራጁ ወደ ጎን ይወስድሃል። ገመዱ ኮራል ላይ ከተጠመጠመ አለቀ።»

ጠላቂዎቹ እነማን ነበሩ? ነጻ የሆኑት በቅድሚያ በተሰጣቸው ብድር የታሰሩ ድሆች ናቸው። ብዙዎቹ ግን ባሪያዎች ነበሩ። ከእነዚህም ውስጥ ከእኛ አገር መሐል ተፈንግለው፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ ተሽጠው የተሻገሩ ነበሩባቸው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ በባሕረ ሰላጤው የነበሩ የእንግሊዝ ሹማምንት ነጻነት ፍለጋ የሚመጡ ባሪያዎችን ቃል እየተቀበሉ በመዝገብ አስፍረዋል። ከተመዘገቡት መካከል ሐበሻ አገር መወለዳቸውን፣ በልጅነት መሰረቃቸውን፣ ጌቶቻቸው ለሉል ጠለቃ እንዳሰማሯቸው የተናገሩ ሰዎች አሉ። የጠለቁበትን ዋጋ ጌታው ይወስዳል።

ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ተቀመጥኩ። «ደገኛ ባሕር አያውቅም» ስንል ኖረናል። የደገኛ ልጅ ባሕሩን ያውቀዋል! እግሩ ላይ ድንጋይ ታስሮ፣ ዓይኑን በጨው ውሃ ውስጥ ከፍቶ ያውቀዋል። እኛ ነን እሱን የማናውቀው። «ባሕርይ» በሚለው ቃል ላይ ከተራቀቅንበት አገር የሄደ ልጅ፣ ባሕርይን በእጁ እየለቀመ ለሰው አንገት ሲያወጣ ኖረ። ንግዱን የሰበረው የማንም ርኅራኄ አይደለም። ጃፓኖች ሉልን በእርሻ ማምረት ቻሉ፤ የ1929ኙ የዓለም ኢኮኖሚ ቀውስ ደግሞ ገዢውን አጠፋው።

የተማሩት ሰዎች ወደዚያ ባሕር የመጡት ከነጋዴው ጋር ጎን ለጎን ነው። ሁለት ወጣት ጀርመናውያን፣ ሄምፕሪሽና ኤረንበርግ፣ ለዓመታት የቀይ ባሕርን ፍጥረት ሲሰበስቡ ቆዩ። ሄምፕሪሽ እ.ኤ.አ. በ1825 በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ምጽዋ ላይ በበሽታ ሞተ። ኤረንበርግ ተመልሶ በ1834 ስለ ቀይ ባሕር ኮራሎች ሲጽፍ አንዱን በሟች ጓደኛው ስም ሰየመው፤ ዛሬም በዚያው ስም ይጠራል። ከእነሱ በኋላ የመጣው ኤድዋርድ ሩፔል ምጽዋ ላይ ዓሣ ሰበሰበ፤ ከዚያ ወደ ደጋ ወጥቶ ጎንደር ገባና የግዕዝ ብራናዎችን ሰበሰበ። እነዚያን ብራናዎች የእኛ ሊቃውንትና የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ደጋግመው አንሥተዋቸዋል። በሌላኛው ሣጥን የነበረውን ዓሣ ግን ያነሣው የለም። እኔም ስለ ሩፔል ሳስተምር ስለ ዓሣው አንድ ቀን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።

ከዚያ በሲሊንደር መጥለቅ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1943፣ በጦርነቱ መሐል፣ ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ሰው በሚተነፍሰው ልክ አየር የሚሰጥ መሣሪያ ሠሩ። ሰው ከገመድና ከመዳብ ቆብ ተፈታ። ኤርትራ በመስከረም 1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በተዋሐደች በጥቂት ወራት ውስጥ በብሩኖ ቫይላቲ የሚመራ የጣሊያን ጠላቂዎች ቡድን ዳህላክ ደረሰ። ቡድኑ ያነሣውን ፊልም ፎልኮ ኩዊሊቺ አዘጋጀው፤ «ስድስተኛው አህጉር» የሚል ርዕስ ተሰጥቶት እ.ኤ.አ. በ1954 በቀለም ለዕይታ በቃ። አስቡት! እኛ አዲስ አበባ ላይ «ወደቧ ተመለሰች» ብለን ስንደሰት፣ ሮም ላይ ሰዎች በጨለማ አዳራሽ ተቀምጠው የዳህላክን ኮራል በቀለም ያዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 እና በ1965 ደግሞ የእስራኤል ሳይንቲስቶች እዚያው ደሴቶች ላይ ሰፍረው ሲያጠኑ ከረሙ።

እኛስ? እኛም አልተኛንም፤ ግን ሌላ ነገር እያየን ነበር። ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1955 ተቋቋመ። በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ «ኢትዮጵያ» የተባለችው ትልቋ መርከብ መጣች። በየዓመቱ በባሕር ኃይል ቀን የውጭ የጦር መርከቦች ምጽዋ ላይ ይሰለፋሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱ የመርከበኛ ልብስ ለብሰው ይወርዳሉ። ጋሼ ያን ዘመን ሲያነሡ ዓይናቸው ይበራል። «ሰልፉን ሁሉም ያስታውሰዋል» አሉኝ። «ሰልፉ እንዲያምር ከመርከቡ ሥር ገብቶ የሚፍቀውን ማንም አያስታውሰውም።»

የቀረውን ታሪክ አንባቢ ያውቀዋል። ጣሊያን እስር ቤት ያደረጋትን የኖኩራን ደሴት በደርግ ዘመን ሶቪየቶች የባሕር ኃይል ሰፈር አደረጓት። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በሻዕቢያ እጅ ገባች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መርከቦቹ ወደ የመንና ወደ ጅቡቲ ተሰደዱ፤ ጅቡቲ የቀሩት እ.ኤ.አ. በ1996 በሐራጅ ተሸጡ። ዳህላክ የኤርትራ ነው፤ ሕዝበ ውሳኔው ከተደረገበት ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ ይህ ያለቀ ነገር ነው። ጋሼም ከብዙ ሺሕ ጓደኞቻቸው ጋር ወደ መሐል አገር መጡ። የጥበቃ ሥራ ሠሩ፤ ጡረታ ወጡ። ባሕር ኃይል በ2011 ዓ.ም. ዳግም ተቋቋመ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የባሕር በር ነገር ከቴሌቪዥን እስከ ጠላ ቤት የሁሉም ወሬ ሆኗል። «የጠየቀዎት አለ?» አልኳቸው። ሳቁ። «አንተ አለህ። በልጅ ሞት ምክንያት።»

ወደቡን በሚመለከት የምለው የለኝም፤ እሱን የሚነጋገሩበት ሞልተዋል። እኔን የቆጨኝ ሌላ ነው። ጋሼ ስለ ወራጁ ሲያስረዱኝ ያወጧቸው ቃላት አንዳቸውም አማርኛ አልነበሩም። ከሰሜን የሚነፍሰው ነፋስ «ሸማል» ነው፤ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው «አዝየብ»። እነዚህ ከዐረብ የተገኙ ናቸው። ሌላውን ከትግረኛ፣ ከዓፋርና ዳህሊክ ከሚናገሩ ዓሣ አጥማጆች ተምረዋል። ዳህሊክ የደሴቶቹ ሰዎች የራሳቸው ሴማዊ ቋንቋ ነው፤ የግዕዝ ዘመድ።

አማርኛ ግን ሰነፍ ቋንቋ ሆኖ አይደለም። የእኛን ክፍለ ከተማ ስም ተመልከቱ። ያለ ሽቦ ወሬ የሚያመላልስ የሬዲዮ ጣቢያ ሲተከል ሕዝቡ ቃል ከውጭ አልተበደረም። ሽቦ ከሌለው ወሬውን የሚያደርሰው ነፋስ ነው አለና «ነፋስ ስልክ» ብሎ ሰየመው። ከዚህ የተሻለ ስም ማንም ፊደል ቆጣሪ አያወጣም። ሕዝብ ላየው ነገር ስም አያጣም። ለኮራሉና ለወራጁ ስም ያጣነው ሳናየው፣ ያየውንም ሳንጠይቅ ስለኖርን ነው።

ብንጠይቅ ኖሮ ባሕሩ የቤታችንን ያህል የቀረበ መሆኑን እንሰማ ነበር። ቀይ ባሕር ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የሚገባ ወንዝ የለም። ፀሐይ ግን በዓመት ሁለት ሜትር ገደማ ውሃ ታተንንበታለች። የጎደለው የሚሞላው ሠላሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላው በባብ ኤል መንደብ በኩል ነው። በእኛ በጋ ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ሲነፍስ የላዩ ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል። በእኛ ክረምት ነፋሱ ይገለበጥና የላዩ ውሃ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ከሥሩ ግን ቀዝቃዛው ወደ ውስጥ ይገባል። በአንድ ሰርጥ፣ በአንድ ቀን፣ ላዩ ወዲያ ታቹ ወዲህ! ይህ የነፋስ መገለባበጥ እኛ ጣራ ላይ ዝናብ ከሚያወርደው የወቅቶች ለውጥ ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው።

ኮራሉም ቢሆን ድንጋይ አይደለም። ጥቃቅን እንስሳት በሺሕ ዓመታት የሠሩት ከተማ ነው። እንስሳቱ ከቦታቸው አይንቀሳቀሱም፤ ምግባቸውን የሚያመጣላቸው ወራጁ ነው። ጠላቂውን የሚያስፈራው ብርቱ ፍሰት ኮራሉን ይመግበዋል። በበረዶው ዘመን የባሕሩ ከፍታ ከ100 ሜትር በላይ ወርዶ ውሃው ሲጨውበት አብዛኛው ፍጥረት ጠፋ። በኋላ ውሃው ሲመለስ ኮራሎቹ ከደቡብ፣ በዚያ በሚፋጀው ሰርጥ በኩል እየተወሰዱ ገቡ። ሙቀት የቻለው አለፈ፤ ያልቻለው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት ሳይንቲስቶች የሰሜኑ ቀይ ባሕር ኮራሎች የዛሬውን የዓለም ሙቀት ከሌላው ቦታ በተሻለ የሚቋቋሙት በዚህ ወንፊት ስላለፉ ነው የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። የዓለም ኮራል እየነጣ ሲሞት የዓዋቂዎቹ ተስፋ ከደጃችን ባለው ሰርጥ በኩል ያለፈ ሆነ ማለት ነው። ይህን ለልጆቻችን የነገርን ስንቶቻችን ነን?

ወደ ጉድጓዳችን ልመለስ።

ጠላቂዎቹ ልጁን ያወጡት ከአራት ሜትር በማይበልጥ ውሃ ውስጥ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እሱንም እያሳሳቀ ነው የወሰደው። ስለ ባሕር ቀንና ሌሊት በሚወራበት አገር፣ በአራት ሜትር ውሃ። ጠላቂው ልጁን ይዞ ሲወጣ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ጮኸ፤ ሁሉም ወደ አስከሬኑ ሮጠ። ጠላቂው ብቻውን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የዓይን መከለያውን ሲያወልቅ አየሁት። እጁ ይንቀጠቀጣል። ወደ እሱ የሄዱት ጋሼ ብቻ ናቸው። ትከሻውን ያዝ አድርገው የሆነ ነገር ጠየቁት። ምን እንዳሉት አልሰማሁም፤ ልጁ ግን ረዘም አድርጎ መለሰላቸው።

የሰልስት ማግስት ዕድራችን ተሰበሰበ። የዕድር ወግ የታወቀ ነው፤ ለሞተው ይከፈላል። ጋሼ እጃቸውን አወጡ። ከገንዘቡ ትንሽ ተነሥቶ ጉድጓዱ ይታጠር፣ አጠገቡም ረጅም ገመድና በአየር የተነፋ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ይሰቀል አሉ። አንዱ «የዕድር ደንብ ይህን አይፈቅድም» አለ። ክርክሩ እስከ ምሳ ሰዓት ቆየ። በመጨረሻ ደንቡ ተሸነፈ። አሁን ጉድጓዱ በእንጨትና በሽቦ ታጥሯል፤ ገመዱም ተሰቅሏል። ከልጆቹ አንዱ ይሰርቀዋል ያሉ ነበሩ፤ እስካሁን አልተሰረቀም።

ባለፈው እሑድ በዚያ ሳልፍ ጋሼ አጥሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። አምስት ስድስት ልጆች ከበዋቸዋል። ሰው ሲሰጥም ዘሎ መግባት ሞኝነት እንደሆነ፣ መጀመሪያ ገመድ መወርወር እንደሚገባ፣ ገመዱን እንዴት እንደሚጠቀልሉት ያሳዩአቸዋል። ከልጆቹ ትንሹ፣ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ገመዱን ትቶ ፊታቸውን ያያል።

«ጋሼ፣ እርስዎ ባሕር ሥር ገብተዋል አሉ። እታች ምን አለ?»

እኔ አሥራ አምስት ዓመት የፈጀብኝን ጥያቄ እሱ በአንድ ጠዋት ጠየቀ። ጋሼ ገመዱን መሬት አስቀመጡና በርጩማቸውን ወደ ልጁ አስጠጉ።

«ተቀመጥ» አሉት፤ «ረጅም ነው።»

እኔም ተቀመጥኩ።